የመኪኖቻችን ፊት በማን ዓይን ይመዘን?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ ተሽከርካሪዎች በሚያወጣቸው ጽሑፎች የሞተር ጉልበት፣ የባትሪ አቅም፣ ዋጋና የመለዋወጫ አቅርቦት በስፋት ይነሳሉ። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው በእነዚህ ነገሮች ላይ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መኪናውን ሳይገዛ በየዕለቱ ፊት ለፊት የሚገናኘው ሕዝብ ከገዢው እጅግ ይበዛል፤ እርሱ ደግሞ የሚያየው የመኪናውን ፊት ነው። ባለቤቱ መሪ ከጨበጠ በኋላ የራሱን መኪና ፊት አያይም። የሚያዩት መንገድ የሚሻገሩት እግረኞች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት፣ በመስታወታቸው ወደ ኋላ የሚመለከቱት ሌሎች አሽከርካሪዎችና በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡት ሰዎች ናቸው። የመኪና ፊት ውበት የመንገዱ ተጠቃሚ ሁሉ ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን፣ በአዳማ ጎዳናዎች ላይ ዘወትር የምናያቸውን ብራንዶች በፊታቸው ውበት ደረጃ አውጥቼ፣ ከነመመዘኛዬ ለአንባቢዎችዎ ፍርድ አቀርባለሁ።

እኔ በአዳማ ከተማ የቴክኒካል ድሮዊንግ መምህር ነኝ። በዚህ ትምህርት አንድ ዕቃ በፊት ዕይታ፣ በላይ ዕይታና በጎን ዕይታ ይሣላል፤ የፊት ዕይታ ሆኖ የሚመረጠውም ስለ ዕቃው ማንነት ከሁሉ በላይ የሚናገረው ገጽ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምልከታ ደግሞ ከአዳማ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ተሽከርካሪ በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ በከተማችን በኩል ያልፋል፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከእኛ ይነሳል፤ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባለው መንገድ ላይም የአርባ ዓመት ቶዮታና ታርጋው ገና ያልቆሸሸ የኤሌክትሪክ መኪና ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ባጃጆችንና ከባድ የጭነት መኪናዎችን ከደረጃው ያወጣኋቸው ፊታቸውን የሚወስነው ሌላ ዓይነት ሥራ ስለሆነና ከቤት መኪና ጋር ማወዳደሩ ፍትሐዊ ስላልመሰለኝ ነው።

መመዘኛዎቼን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያው የፊት መብራቶቹ መጠንና አቀማመጥ ከቀረው ፊት ጋር መመጣጠናቸው ነው። ሁለተኛው እውነተኝነት ነው፤ አየር ማስገቢያ መስሎ የሚታየው ቀዳዳ በእርግጥ ለራዲያተሩ አየር ያስገባል ወይስ ከኋላው የተደፈነ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የሚለውን እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ፊቱ በሚመለከተው ሰው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው፤ በተለይ ቁመቱ አጭር በሆነው ሰው ላይ። አራተኛውን የጨመርኩት አገራችን ስለምታስገድደኝ ነው፤ ይኸውም ፊቱ ከዓመታት ፀሐይ፣ አቧራና ጠጠር በኋላ ምን ይመስላል የሚለው ነው። የዛሬዎቹ የመብራት ሽፋኖች እንደ ድሮዎቹ ከመስታወት ስለማይሠሩና ከፕላስቲክ ዘር ስለሆኑ፣ የላያቸው መከላከያ ቅብ በፀሐይ ሲያልቅ ቢጫ ይሆናሉ፣ ይደበዝዛሉም። አዲስ ሳለ ዓይኑ ያበራ የነበረው መኪና በአዳማ ፀሐይ ጥቂት ዓመታት ከቆመ በኋላ ዓይኑ ሞራ የለበሰ ይመስላል። መብራቱ ትልቅና ወደ ላይ የተዘረጋ በሆነ ቁጥር ይህ ጉዳት ጎልቶ ይታያል።

«ፊት» የምለው በልማድ ብቻ አይደለም። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች በመኪና ፊት ላይ ዕድሜን፣ ፆታንና ጠባይን እንዴት እንደሚያነቡ በኦስትሪያ ካጠኑ በኋላ፣ ጥያቄው መኪናና የመኪና ማስታወቂያ በብዛት ለማያይ ሕዝብ ቢቀርብ ምን ይሆናል ብለው ሁለተኛውን ጥናታቸውን ያካሄዱት በአገራችን በኢትዮጵያ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ የኢትዮጵያውያኑና የኦስትሪያውያኑ ፍርድም በአብዛኛው የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። ሰፊና ዝቅ ያለ ፊት፣ ጠባብ መብራትና ሰፊ አየር ማስገቢያ ያለውን መኪና ሁለቱም ወገኖች እንደ ጎልማሳ፣ እንደ ወንድና እንደ ኃይለኛ አዩት፤ ትልልቅ መብራትና ትንሽ አየር ማስገቢያ ያለውን ደግሞ እንደ ልጅና እንደ ገራም። ይህ ግኝት በአገራችን የመኪና ወሬ ውስጥ እምብዛም ሲነሳ አልሰማሁም፤ ሊነሳ ግን ይገባዋል። የመኪና ፊት ለሚያየው ሰው እንደሚናገር፣ የሚናገረውንም ገበሬውና የከተማው ሰው በተመሳሳይ መንገድ እንደሚሰሙት ያሳያልና።

የድሮ መኪኖች ፊት ገራም መስሎ የሚታየን ለትዝታ ስለምናደላ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የፊት መብራት ወጥ መጠን ያለው የታሸገ ክብ መብራት እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። አራት ማዕዘኑ የተፈቀደው በ1975 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ፈቃዱ የቀረጸውን መብራት መግጠም የቻለው ከ1983 በኋላ ነው። ትልቁ ገበያ ክብ መብራት እስከጠየቀ ድረስ ሌላውም ዓለም በአብዛኛው በክብ ዓይን ይመለከት ነበር። ዛሬ በጥቃቅን የኤልኢዲ አምፖሎች ምክንያት መብራት እንደ ክር ሊቀጥን ይችላል፤ በመሆኑም ብዙ ዲዛይነሮች ቀጭኑን፣ ማለትም የተቆጣ የሚመስለውን ዓይን መርጠዋል። ቴክኖሎጂው ያስገደዳቸው አይመስለኝም፤ ቁጣ ስለሚሸጥ ነው።

በእኔ ደረጃ አንደኛ የሚወጣው ቮልስዋገን ነው። ይህን ስል ብዙዎች አዳማ ውስጥ ስንት ቮልስዋገን አለ ብለው እንደሚሞግቱኝ አውቃለሁ። አሮጌዋ ቮልስ በየሰፈሩ አለች፤ ከቻይና ፋብሪካዎች የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖቹ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ደግሞ በየቀኑ ይታያሉ። በእነዚህ በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ዝምድና ነው አንደኛ ያስወጣው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። በዚህ ምክንያት ፊቷ ላይ ፍርግርግ፣ ማለትም የአየር ማስገቢያው ሽፋን፣ አያስፈልጋትም፣ የላትምም። ሁለት ክብ መብራት፣ የሁለቱ ፓራፋንጎዎች ጉብታና በመካከላቸው የሚወርደው የኮፈኑ ቅርጽ ብቻ ነው ያላት፤ በዚያ ጥቂት ነገር ግን ፊቷ ሙሉ ነው። ጣሊያናዊው ዲዛይነር ጆርጄቶ ጁጃሮ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን የመጀመሪያውን ጎልፍ ሲሥል ሞተሩ ወደ ፊት ስለመጣ ፍርግርግ ማስገባት ግድ ሆነበት፤ እርሱም ሁለቱን ክብ መብራቶች በአንድ ጠባብ አግድም ፍርግርግ ውስጥ አስቀምጦ ጉዳዩን ጨረሰ። አሁን በኤሌክትሪኩ ዘመን ያ ፍርግርግ ሲቀር፣ አይዲ 4 በሁለት መብራቶቹ መካከል ቀጭን አግድም መስመር ዘርግቶና ለማቀዝቀዣ የሚያስፈልገውን አየር ከታች አስገብቶ የላይኛውን ፊት ለስላሳ አድርጎ ተወው። የጎደለውን ነገር እንዳለ ለማስመሰል አልሞከረም። በሌላ በኩል አይዲ 6 ከፊቱ ስፋት የተነሳ ትንሽ ባዶነት እንደሚታይበት አልክድም።

ሞተር ከኋላ በነበረበት ዘመን ፊያት 600 ማለትም የእኛ ሴይቼንቶም እንዲሁ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ይህች ትንሽ መኪና በፊቷ ላይ ያላት ጌጥ ለምልክት ያህል የተደረገ ነው፤ አየር አያስገባም። ይህን የማነሳው ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪናን ሲያይ «ፊት የለውም» ሲል ስለምሰማ ነው። ፍርግርግ የሌለው ፊት ለኢትዮጵያ ጎዳና እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን በእነዚህ ሁለት መኪኖች ለምደውት ነበር፤ ወድደውትም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ የምሰጠው ለሱዙኪ ነው። በስልክ ጥሪ በሚሠሩ ታክሲዎች ዘንድ እጅግ የተለመደችው ዲዛየር ከፊት ስትታይ ልኳን የምታውቅ መኪና ናት፤ ፍርግርጉ መሃል ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ መብራቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ኮፈኗም ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ትንሽ መኪና ትልቅ ለመምሰል ስትጣጣር ፊቷ ይበላሻል፤ ዲዛየር ግን ትንሽነቷን አታፍርበትም። ምሳሌ ልጥቀስ፤ በመብራት ኃይል አካባቢ የቆመች ዲዛየርን አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ አጠገቧ ቆሞ ቢመለከታት ኮፈኗን አሻግሮ አሽከርካሪውን ሊያይ ይችላል፤ አሽከርካሪውም ልጁን። ዲዛይነሮች ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡ የሠሩት ለእኔ ልዩነት የለውም።

ሦስተኛው ኪያ ነው። ዲዛይነሩ ፒተር ሽሬየር ከአውዲና ከቮልስዋገን ቤት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኪያ ሲመጣ ብራንዱ የራሱ የሚባል ፊት አልነበረውም፤ በ2007 በፍራንክፈርት ትርኢት የቀረበው ከላይና ከታች መሃሉ ላይ ጠበብ የሚለው ፍርግርግ፣ የነብር አፍንጫ የተባለው፣ አንድን ፋብሪካ ከሩቅ የሚለይ መልክ ሰጠው። አንድ ትንሽ ቅርጽ በትዕግሥት ከሞዴል ወደ ሞዴል ሲተላለፍ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ቢኤምደብሊው ከ1933 ጀምሮ ሁለት ኩላሊት የሚመስለውን ፍርግርጉን ይዞ የኖረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ቶዮታን አራተኛ ማድረጌ በዚህ ከተማ ቁጣ እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ምክንያቴን ማስረዳት ይኖርብኛል። ደረጃው ለቀድሞው ቶዮታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንደኛነቱን ለማንም አልሰጥም ነበር። ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ ፊቷ ቀጥ ባሉ መስመሮች የተሠራ፣ አንዳች ትርፍ ነገር የሌለበት ነው፤ ፓራውልቷ ተጣሞና ቀለሟ ተልጦ እንኳ ክብሯን አታጣም። ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ዲዛይነር የሣላት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ደግሞ ክብ ክብ ባለው ፊቷ በዓለም ተወድዳ፣ ያሪስ በሚለው ስሟ በአውሮፓ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላለች፤ በአዳማ የእንስት አሽከርካሪዎችም፣ የጎልማሶችም፣ የጡረተኞችም መኪና ሆና የኖረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶልፊን የምንለው ሚኒባስም ወደፊት ዝቅ ብሎ የሚወርደው ፊቱ ከተከታዩ ከአባዱላ ፊት ይልቅ ለዓይን የቀና ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ችግሩ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ፋብሪካው የላይኛውን ፍርግርግ አጥብቦ የታችኛውን አየር ማስገቢያ እጅግ አሰፋው። ለዚህ ተግባራዊ ምክንያት አለው፤ ወደ ፓራውልቱ የታችኛው ክፍል የሚገፋው አየር ለማቀዝቀዝ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቅርጹ ከሚያስፈልገው በላይ ተጋነነ፤ በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ላይ የጥቁሩ ቀዳዳ ሰፊ ክፍል ከኋላው የተዘጋ ፕላስቲክ ነው፣ በሁለቱም ጎን ያሉት ጉድጓዶችም ምንም አያስገቡም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለው የሦስት ሞላላ ቀለበቶች ምልክት በዚህ ሁሉ ጥልፍልፍ ውስጥ ጠፍቶ የሚፈለግ ሆኗል። ይህን ስል ቶዮታ የቀድሞውን መንገድ ጨርሶ ረስቶታል ማለቴ አይደለም። በገጠር መንገዶቻችን የምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የላንድክሩዘር 70 ዘር በ2023 ፊቱ ሲታደስ ወደ ክብ መብራት ተመልሷል፤ ውስጡ ኤልኢዲ ቢሆንም ፊቱ የድሮው ነው። ያንን የሠሩ እጆች ኮሮላንም ቢነኳት ደረጃዬን ወዲያው እለውጣለሁ።

ኒሳንን አምስተኛ አድርጌዋለሁ፤ የቪ ቅርጽ ያለው ፍርግርጉ ግልጽ መለያ ቢሆንም በትንንሾቹ መኪኖች ላይ ከፊቱ ልክ በላይ ይሆናል።

ስድስተኛው ሃዩንዳይ ሲሆን ከእርሱ ጋር ያለኝ ቅሬታ ስለ መብራት አቀማመጥ ነው። ይህ ፋብሪካ ደፋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ቱሳን ላይ የቀን መብራቶቹ ሲጠፉ ከፍርግርጉ ጋር ተመሳስለው እንዲሰወሩ ማድረጉ ብልሃት መሆኑን እመሰክራለሁ። ነገር ግን በእርሱና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኮና ላይ እንደምናየው ቀጭኑ የቀን መብራት ከላይ ሆኖ ዋናው መብራት ወደ ታች፣ ወደ ፓራውልቱ ጠርዝ ሲወርድ፣ ዓይን የትኛው ዓይን እንደሆነ ይቸገራል። በእኛ አገር ደግሞ ችግሩ ከውበት ያልፋል። ፓራውልት ማለት በጠባብ መንገድ ከባጃጅ ጋር የሚነካካው፣ ከፊት የሚሄደው የጭነት መኪና የሚያስፈነጥረው ጠጠር የሚያርፍበት፣ ሲቆምም ከግንብ ጋር የሚላተመው ክፍል ነው። ውዱን መብራት እዚያ ማስቀመጥ ለሌላ ዓይነት ጎዳና የታሰበ ሥራ ነው፤ አንድ ዓይኑ ተሰብሮ በላስቲክ የተሸፈነ ውብ ፊት ደግሞ ውብ አይደለም።

የቻይና ብራንዶችን፣ በተለይም ቢዋይዲን በአንድ ቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህ ፋብሪካ ሁለት ፊት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የአዳማ ጎዳና መልክ በዓይናችን ፊት እየተለወጠ ስለሆነ ጉዳዩ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አሳሳቢ ነው። ቀደም ሲል በአልፋ ሮሜዮና በአውዲ የሠራው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኤገር የሚመራው የቢዋይዲ ዲዛይን ክፍል በአንድ በኩል የዘንዶ ፊት የተባለውን፣ በሚያብረቀርቅ ብረት መሰል ጌጥ የተሞላና እንደ ጢም ወደ ጎን የሚወጣ መስመር ያለውን መልክ ያወጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በባሕር እንስሳት ስም የተሰየሙትን፣ ከላይ ምንም የሐሰት ፍርግርግ የሌላቸውን ትንንሽ መኪኖች። ሁለተኞቹን ከኪያ ጎን፣ የመጀመሪያዎቹን ከሃዩንዳይ በታች አስቀምጣለሁ። የሚያቀዘቅዘው የነዳጅ ሞተር በሌለበት ትልቅ የፍርግርግ ቅርጽ መግጠም፣ እስትንፋስ የማያወጣን አፍ እንደ መሣል ነው። የኒሳን የኤሌክትሪክ መኪና ሊፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ፍርግርጉን ትቶ፣ መብራቶቹን ወደ ላይ አስጎብጦ አየሩ ከጎን መስታወቶቹ እንዲርቅና ድምፁ እንዲቀንስ ማድረጉን አስታውሳለሁ፤ ብዙ ሰው አስቀያሚ ብሎት ነበር፤ ያም ቢሆን በፊቱ ላይ ያለው እብጠት ሥራ ነበረው፤ ስለዚህም ከሚያብረቀርቀው ጢም ይልቅ አከብረዋለሁ።

ወደ ቁመት ጉዳይ ስመለስ፣ ይህ መመዘኛ ከውበት ውጭ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኔ አስተያየት የሚያስፈራ ነገር ለሚፈራው ሰው ውብ ሊሆን አይችልም፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በመድን ኩባንያዎች የሚደገፈው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ቁመት ከ1 ሜትር ገደማ በላይ የሆኑ ተሽከርካሪዎች እግረኛ ሲገጩ ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥና ተዳፋት ካለው ጋር ሲነጻጸሩ ለሞት የማድረስ ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በእርግጥ የአውሮፓ የአደጋ ፈተናዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የእግረኛን ደኅንነት መመዘን ሲጀምሩ፣ የተገጨ ሰው ጭንቅላት ከኮፈኑ ሥር ያለውን ጠንካራ ሞተር እንዳይመታ ክፍተት ማበጀት ስላስፈለገ የትንንሽ መኪኖችም አፍንጫ ጥቂት ወፍሯል፤ ይህ ውፍረት ለበጎ ስለሆነ ነጥብ አልቀነስኩበትም። የቀነስኩት ለግርማ ሲባል ብቻ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ለቆሙት ፊቶች ነው። ከፋብሪካ በኋላ በፒካፖች ፊት ላይ የሚበየደው የብረት መከላከያ ደግሞ ዲዛይነሩ ለእግረኛው ብሎ ያለሰለሰውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ፊቱንም በእስር ቤት መስኮት ጀርባ ያለ ያስመስለዋል። ይህን የሚያስገጥሙ ወገኖቼ ከብቱና ግመሉ በሚያቋርጡት የመተሐራ መንገድ የሚመላለሱ ከሆነ እረዳቸዋለሁ፤ ከአዳማ ከተማ ለማይወጣ መኪና ግን ምክንያት አይታየኝም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ጋዜጣዎ ስለ አዲስ መኪና ሲዘግብ የሚያትመው ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ አስመጪዎች የሚሰጡት ነው፤ ያ ፎቶግራፍ ደግሞ ካሜራው ከመሬት አጠገብ ሆኖ፣ በሰፊ ሌንስ፣ ከማዕዘን ስለሚነሳ ፍርግርጉ ይገዝፋል፣ ኮፈኑ ይረዝማል፣ መብራቱም ይቆጣል። በዚህ ዓይነት ሥዕል ማንም አንባቢ የፊትን ውበት ሊመዝን አይችልም። የጋዜጣው ፎቶግራፍ አንሺዎች እያንዳንዱን መኪና በትክክል ከፊት ለፊቱ፣ ከአሥር እርምጃ ያህል ርቀት፣ አንድ ጊዜ በአዋቂ ዓይን ቁመት፣ ሌላ ጊዜ በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ቁመት ሁለት ፎቶ ቢያነሱና ጎን ለጎን ቢታተሙ፣ የኮፈኑ ቁመትም በሴንቲ ሜትር ከሥሩ ቢጻፍ፣ የአዳማም የሐዋሳም የአዲስ አበባም አንባቢ የራሱን ደረጃ ማውጣት ይችላል። ቮልስዋገንን ከአንደኛነቱ የሚያወርድ፣ ቶዮታንም ወደ ላይ የሚመልስ ካለ በእነዚያ ሁለት ፎቶዎች ላይ ተመሥርቶ ቢጽፍ፣ በዚሁ ዓምድ መልስ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቴክኒካል ድሮዊንግ መምህር፣ ከአዳማ